ፈንገስ በሰሜን ሸዋ ጓዳ፣ ማሳና ጎተራ

እርሾ፣ ሻጋታ፣ ዋግ፣ እንጉዳይና ጭርት የአንድ ወገን ናቸው፤ ሁሉም ፈንገስ ይባላሉ። ፈንገስ ለረጅም ዘመን ከዕፅዋት ጋር ሲመደብ ቢቆይም ክሎሮፊል ስለሌለው ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት አይችልም። የሕዋሱ ግድግዳ የነፍሳት ቅርፊት ከሚሠራበት ከካይቲን የተገነባ ሲሆን፣ በዘር ሐረጉም ከተክል ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባል።

አመጋገቡ ከተክልም ከእንስሳትም የተለየ ነው። ኢንዛይሞቹን ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ምግቡ እዚያው ከሰውነቱ ውጭ ከተፈጨ በኋላ ይመጠዋል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ይህን የሚያደርጉት በአፈርና በእንጨት ውስጥ በሚዘረጉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ነው። ከዝናብ በኋላ ብቅ የሚለው እንጉዳይ ስፖር የሚባሉትን ደቃቅ ዘሮች የሚበትንበት ክፍል ብቻ ነው።

እርሾ ደግሞ ነጠላ ሕዋስ ነው። በጠላ ጥንስስ ውስጥ ብቅሉ የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን እየተመገበ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ድፍድፉ በጋኑ ውስጥ የሚንተከተከው ለዚህ ነው። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ቅዝቃዜው የእርሾውን ሥራ ስለሚያዘገየው ጠላው ከሸዋ ሮቢት ቆላ ዘግይቶ ይደርሳል። የምንጃር ጤፍ ሲቦካም እርሾው ብቻውን አይሠራም፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት የሚመጣው አብረውት ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ነው።

ማሳ ላይ ግን ፈንገስ የገበሬውን ድካም ይበላል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር የሚወደው ቢጫ ዋግ በስንዴ ቅጠል ላይ በመስመር በመስመር ይደረደራል፤ ሲነኩት ጣት ላይ የሚቀረው ቢጫ ዱቄት ነፋስ ሩቅ ሊወስደው የሚችል ስፖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተነሣው ወረርሽኝ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ተጠቅቷል። ከዚያ ወዲህ በደጋው የባቄላን ቅጠል የሚያቆረፍድ ሌላ በሽታም ገበሬውን አስጨንቋል።

በእህል በኩል የሚመጣው ጉዳት ምን ያህል እንደሚከፋ ጎረቤት ወሎ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ኤርጎት የተባለ ፈንገስ የበከለው ሲናር ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ተበላ። መርዙ የደም ሥርን ስለሚያጠብብ የሰዎች እግር እየሞተ እስከ መቆረጥ ደረሰ። ኤርጎት በፍሬው ቦታ የሚበቅል፣ ጥቁርና ቀንድ መሳይ፣ ከፍሬው የሚረዝም ነገር ስለሆነ በዓይን ይለያል። ስለዚህ እህልን ማበጠርና መልቀም ፈጽሞ ሊታለፍ የማይገባው ሥራ ነው።

አፍላቶክሲን ግን አይታይም። ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ለውዝ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች የሚያድገው አስፐርጂለስ የተባለ ሻጋታ ያመነጨዋል፤ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። መቀቀልና መጋገር አያጠፋውም። የሻገተውን እህል ለላም መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ መርዙ በወተት በኩል ተመልሶ ልጆች ዘንድ ይደርሳል።

ጭርት፣ ቆረቆርና ቋቁቻ ከቆዳ እምብዛም አያልፉም። የመከላከል አቅሙ በኤች አይ ቪ በተዳከመ ሰው ላይ ግን ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የአንጎል ሽፋንን አጥቅቶ ሊገድል ይችላል። ሕዋሱ ከእኛ ሕዋስ ጋር ስለሚመሳሰል እኛን ሳይጎዳ እሱን የሚገድል መድኃኒት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ከሻጋታ የተገኘው ፔኒሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይገድልም፤ ለጭርት ቢወሰድ ምንም አይፈይድም።