ቡሌት ታይም ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የፊልም ተንታኝ ማትሪክስ የተባለውን ፊልም ምርጥ «ቡሌት ታይሞች» ደረጃ ሲያወጣ አየሁ። አንደኛ ያደረገው ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ኒዮ እና ትሪኒቲ ሕንፃው መግቢያ ላይ ከጠባቂዎቹ ጋር የሚታኮሱበትን ትዕይንት ነው። ዓምዱ እየተፈረካከሰ፣ ቀለሃው ወለሉ ላይ እየነጠረ፣ ሁሉም ነገር ቀስ ይላል። ድንቅ ትዕይንት ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ግን ቡሌት ታይም አይደለም። ስሎው ሞሽን ነው።

ወንድሜ፣ ይሄ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔ ኤዲተር ነኝ። ሰርግም፣ የዘፈን ክሊፕም እሠራለሁ። «ቡሌት ታይም አስገባልን» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ምን እንደፈለገ ስጠይቀው ከአስሩ ዘጠኙ «ቀስ ይበልልን» ማለቱ ነው። ቀስ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ቡሌት ታይም ግን ሌላ ዝግጅት፣ ሌላ በጀት፣ ሌላ ሐሳብ ነው።

ስሎው ሞሽንን ስልካችሁም ስለሚሠራው ብዙ አላብራራም። በሴኮንድ 120 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረፀ ነገር በ24 ሲታይ 5 እጥፍ ይዘገያል። (መቼም አንዴ ካነሳሁት፦ አዳራሹ በድሮው የሸምበቆ መብራት የሚበራ ከሆነ አስቀድማችሁ ሞክሩት። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በዓይን አይታይም፣ ስሎው ሞሽን ላይ ግን ፍጥጥ ብሎ ይወጣል።) ዋናው ነገር ስሎው ሞሽን ውስጥ ሰዓቱ አንድ መሆኑ ነው። ሰውየው ሲዘገይ የካሜራውም እንቅስቃሴ አብሮ ይዘገያል። ቡሌት ታይም ሁለቱን ሰዓት ይለያያል። ድርጊቱ ሊቆም ምንም አይቀረውም፤ ካሜራው ግን በራሱ ፍጥነት ይዞረዋል።

ቡና እየተቀዳ ነው እንበል። ረከቦቱን ከብቦ 120 እንግዳ ተቀምጧል፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። ቡናው ከጀበናው አፍ ወጥቶ ስኒው ጋ ሳይደርስ «አሁን!» ሲባል ሁሉም ለቅጽበት ገልጦ መልሶ ይጨፍናል። እያንዳንዱ ያየውን እንደ ፎቶ ሰብስቡና በአቀማመጣቸው ቅደም ተከተል ደርድሩት። ስታጫውቱት ቡናው አየር ላይ ቆሞ እናንተ ጀበናውን ትዞሩታላችሁ። ከመቀመጫው የተነሳ ሰው ግን የለም።

አሁን ትንሽ እንቀይረው። ሁሉም እኩል ከሚገልጡ አንደኛው ካየ በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ በጣም በትንሹ እየተከታተሉ ይግለጡ። ያኔ እየዞራችሁ ሳለ ቡናው ቀስ እያለ ሲወርድ ታያላችሁ። በመሀል ያለችውን ቅጽበት ባሳጠራችሁ ቁጥር ቡናው ይበልጥ ይዘገያል። የማትሪክስ ሰዎች የሠሩት ይህንኑ ነው። በእንግዶቹ ፋንታ 120 ያህል የፎቶ ካሜራ በክብ ደርድረው፣ የእያንዳንዱን መተኮሻ ጊዜ በኮምፒውተር ተቆጣጠሩ። ሥራውን የመራው ጆን ጋኤታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ፊልም በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ወስዷል።

አንዱ እንግዳ ተነስቶ ረከቦቱን በሩጫ ቢዞርስ? ግማሽ ሳይደርስ ስኒው ሞልቷል። ሰርግ ላይ እንግዶች መድረኳ ላይ ቆመው ስልክ የያዘ ክንድ የሚዞራቸው ማሽን እንዲህ ነው። ክንዱ ሲዞር ጊዜውም አብሮ ይሄዳል። ደስ ይላል፣ ሰውም ይወደዋል። ቡሌት ታይም ግን አይደለም።

ክብ ሠርተው የተቀመጡ እንግዶች ደግሞ ፊት ለፊታቸው ያሉትን እንግዶች ያያሉ። ስለዚህ ቀረፃው በአረንጓዴ መጋረጃ ውስጥ ተሠራና ከጀርባ የሚታየው ከተማ ከፎቶ ተነስቶ በኮምፒውተር ተገነባ። በሁለት እንግዳ መካከልም ክፍተት አለ፤ ኮምፒውተሩ በመሀል መኖር ያለበትን ፍሬም አስልቶ ይሞላዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጎበጥ ብሎ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ ክሊፕ 12 ካሜራ ተውሰን ጣውላ ላይ ደረደርን። ሦስተኛው የጣት ስፋት ያህል ዘመም ብሎ ነበር፤ ማንም አላየውም። ስናጫውተው የዘፋኙ አፍንጫ ሦስተኛው ፍሬም ላይ ዘለለ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። 12 ፍሬም ማለት ግማሽ ሴኮንድ ናት።

ተንታኙ «ጥይቱን እንዴት እንደቀረፁት» ብሎም ተደንቋል። ጥይት አልቀረፁም። ተራ የሽጉጥ ጥይት በሴኮንድ 350 ሜትር ያህል ይሄዳል። በፊልም ካሜራ በአንድ ፍሬም ጊዜ ብቻ ወደ 15 ሜትር ይነጉዳል ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ኒዮ ወደ ኋላ ተለጥጦ የሚያመልጣቸው ጥይቶች በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። እዚያ ትዕይንት ላይ የካፖርቱን ጫፍ ተመልከቱ። ጨርቁ ቀስ ብሎ ይውለበለባል፣ ከኋላው ከተማው ግን በፍጥነት ይዞራል። ሁለቱ ሰዓት የተለያየው እዚያ ጋ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ተኩስ ውስጥ ይህን አታገኙትም።

ዘዴውም ከባዶ የተፈለሰፈ አይደለም። ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 ካሜራ በረድፍ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አንስቷል። እንግሊዛዊው ቲም ማክሚላንም በ1980ዎቹ ጊዜን በካሜራ ረድፍ ያስቆም ነበር። የማትሪክስ ዳይሬክተሮች ዋቾውስኪዎች ሐሳቡን ከታሪኩ ጋር አጋቡት፤ የፊልሙ ዓለም የኮምፒውተር ዓለም ስለሆነ ጊዜ ቢቆም ያሳምናል።

ወደ ቪዲዮ ጌም ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጌም ውስጥ ዓለሙ ራሱ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ሰዓቱን አቁሞ ካሜራውን ማዞር 120 ካሜራ አይጠይቅም፣ ቁጥር መቀየር ነው። ፊልሙ ላይ ወራት የፈጀው እዚህ ቀላል ነው። ጌሙ የጨመረው ሌላ ነገር ነው፤ የዘገየውን ጊዜ ለተጫዋቹ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የፊንላንዶቹ ጌም ማክስ ፔይን ላይ ጠላቶቹ ሲዘገዩ የእናንተ ዒላማ አይዘገይም። ለማሰብ ጊዜ አገኛችሁ ማለት ነው። ያም ጊዜ ይቆጠራል፤ ስትጠቀሙበት ያልቃል፣ ጠላት ስትጥሉ ይሞላል። ተመልካች ፊልም ቤት ተቀምጦ ይህን ማግኘት አይችልም። ስለዚህ ጌመሮች «ቡሌት ታይም» ሲሉ እኔ አልከራከርም። እነሱ ዘንድ ቃሉ የራሱን ትርጉም አግኝቷል። በኢንተርኔት እርስ በርስ ለሚጫወቱ ሰዎች ግን ችግር አለው፤ የአንዱን ሰዓት ብቻ ለይቶ ማዘግየት ከባድ ነው።

የምከራከረው የጌሙን ትርጉም ወስዶ ፊልሙ ላይ ከሚለጥፈው ጋር ነው። ተንታኙ በስተመጨረሻ «ከፊልሙ የተሠራው ጌምም ቡሌት ታይም የሚለው ስሎው ሞሽኑን ነው» ብሎ ማስረጃ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሁለተኛው የማትሪክስ ፊልም ጋር የወጣውን ኢንተር ዘ ማትሪክስን ማለቱ ነው። ዋቾውስኪዎቹ ራሳቸው የተሳተፉበት ጌም ነው። እኔ ተጫውቼዋለሁ። እዚያ ጊዜ የሚያዘገየው ችሎታ ስሙ «ፎከስ» ነው።