ከተጉለት እስከ ቁንዲ፦ የአልጋ ሽሚያ በሰሜን ሸዋ

የአልጋ ሽሚያ የሚባለው ንጉሥ ሲሞት በልጆቹ፣ በወንድሞቹና በወንድሞቹ ልጆች መካከል የሚነሣው የዘውድ ጠብ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ሰፈር ተጉለትንና ደብረ ብርሃንን ስላዘወተረ፣ ከሽኩቻው ብዙው የተጠነሰሰው ዛሬ ሰሜን ሸዋ በምንለው ምድር ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለአልጋው ከሰሎሞናዊው ዘር መወለድ ግድ ነበር። ከዘሩ መካከል ማን እንደሚቀድም ግን የቆረጠ ሕግ አልነበረም፤ በኵርነት ያግዛል እንጂ ብቻውን አያነግሥም። ንጉሥ ያግብአ ጽዮን በ1294 ሲሞት አምስት ልጆቹ፣ ሰንፈ አርድ፣ ሕዝበ አሰግድ፣ ቅድመ አሰግድ፣ ጅን አሰግድና ሳባ አሰግድ፣ እስከ 1299 ተፈራረቁ። አባታቸው ዓመት ዓመት እንዲነግሡ ተናዝዞ ነው የሚል ትውፊት አለ፤ ፍርርቁ ግን ከስምምነት ይልቅ ጠብ ይመስላል። በመጨረሻ አልጋው ለአጎታቸው ለውድም አርድ ሆነ።

መሳፍንቱን አምባ ላይ የማሰር ልማድ የተጀመረው በዚህ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። አምባው ግሸን ነው፤ አምባሰል ውስጥ፣ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው ጠባብ። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ በሰፈር ተመካክረው አንዱን ይመርጣሉ፣ ጭፍራ ልከው ያወርዱታል፣ የቀሩት እዚያው ይቆያሉ። ከደብረ ብርሃን ግሸን በእግርና በበቅሎ የቀናት መንገድ ስለሆነ፣ የሞቱን ወሬ ቀድሞ የሰማና የአምባውን በር የያዘ አንጋሽ ይሆናል። የሥርዓቱ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ከአምባ የወረደ መስፍን የራሱ ጭፍራ የለውም፣ የቤተ መንግሥቱን ሰው አያውቅም፤ ላወረደው ባለዕዳ ነው። ሁለት ባላባቶች ሁለት ሰው ካነገሡ ደግሞ ነገሩ በጦር ይለይለታል።

ለዚህ 1494 ጥሩ ማሳያ ነው። ንጉሥ እስክንድር ማያ በተባለው ሕዝብ እጅ ሲሞት ዘሥሉስ የተባለው መኰንን ናዖድን ከግሸን ለማንገሥ ተጣደፈ። ሌላው መኰንን ተክለ ክርስቶስ በበኩሉ የእስክንድርን ሕፃን ልጅ ዐምደ ጽዮንን ይዞ ተነሣ። ጦርነቱን ያሸነፈው ተክለ ክርስቶስ ነው፤ ሕፃኑ ግን በስድስት ወር ውስጥ ሞተ፣ ናዖድም ነገሠ።

ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ የግሸን እስረኛ ነበር። ከይስሐቅ ሞት በኋላ እንድርያስ፣ ተክለ ማርያም፣ ሣርወ ኢየሱስና ዐምደ ኢየሱስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተተካክተው አለፉና እሱ በ1434 ወርዶ ነገሠ። ያን ሁሉ ያየ ሰው ሥጋ ዘመዱን ባያምን አይደንቅም። ሚስቱን ጽዮን ሞገሳን ልጇን ለማንገሥ አሢራለች ብሎ አስገረፋት፤ ከግርፋቱም ሞተች። የተቀበረችው በስውር፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በመቅደሰ ማርያም ነው። ልጇ በእደ ማርያም ይህን ሲያውቅ ለቤተ ክርስቲያኑ ዕጣን ሰጠ። ዕጣኑን የሰማው አባቱ ስለ እናቱ ሞት ቂም ይዞ እንደሆነ ጠርጥሮ ከነባልንጀራው እጅ እግሩን አሳሰረው። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አማልደው አስፈቱት፤ በኋላም ወራሽ ተባለ። በ1468 አባቱ ደብረ ብርሃን ላይ ሲሞት አልጋውን የያዘ እሱ ነው። የእሱ ልጅ እስክንድር በ1478 ሲተካው ገና ሕፃን ስለነበር ሥልጣኑ በሞግዚቶች እጅ ወደቀ።

ግሸንን የግራኝ አሕመድ ጦር በ1540 ያዘው፤ ጠባቂውም እስረኛውም ተገደለ። ልማዱ ግን በሌላ ስም ቀጠለ። የሸዋ ገዦች በአንኮበር አካባቢ ጎንቾ የሚባል እስር ቤት ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ ወሰን ሰገድ በ1813 ግድም ሲገደል የበኵር ልጁ ባኩሬ መርሐ ቤቴ ነበር፣ ለመነሣትም ዘገየ። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ከሚማርበት ገዳም ተነሥቶ የአባቱ መቀመጫ ወደነበረችው ቁንዲ ገባ፤ በእናቱ በዘነበወርቅ ወገን በመንዝ ሰዎች ድጋፍም መርዕድ አዝማች፣ ማለት የሸዋ ገዥ፣ ተባለ። ባኩሬ ሲደርስ ተይዞ ጎንቾ ወረደ፣ ሌሎቹም ወንድሞች ተከተሉት። ሣህለ ሥላሴ ሰባት የመሳፍንት ዘር እስረኞችን ከዚያ ያስወጣው የእንግሊዝ መልእክተኞች አንኮበር በነበሩበት ጊዜ፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ነው።