ስለ ትልልቅ ቅንጡ አውቶሞቢሎች ፒያሳ ላይ የሰማኋቸው ስሕተቶች

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጎንደር ሠርግ በሠርግ ትሆናለች። ባለፈው ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ባልንበት፣ አበባ የለበሰች ጥቁር ሌክሰስ ባጃጆቹን በጡሩምባ እያስለቀቀች አለፈችና ክርክር ተነሣ። ከተባለው ብዙው ልክ አልነበረም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሌክሰስ ማለት ዓርማው የተቀየረ ቶዮታ ነው»

ባለቤቱ ቶዮታ መሆኑ እውነት ነው። የመጀመሪያዋ ትልቅ ሌክሰስ፣ ኤልኤስ 400፣ ግን ኮሮላ ተለጥጣ የተሠራች አይደለችም። በ1983 የኩባንያው ሊቀ መንበር ኤጂ ቶዮዳ ከዓለም ምርጦች ጋር የሚፎካከር መኪና እንዲሠራ አዘዙ። ወደ 450 የሚጠጉ የሙከራ መኪኖች ተሠሩ፤ ባለ 4 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተርም አዲስ ነበር። በ1989 አሜሪካ ውስጥ በ35 ሺህ ዶላር ለገበያ ስትቀርብ ከጀርመኖቹ ዋጋ በእጅጉ ታንስ ነበር። ለተከራካሪው ግማሽ ነጥብ የምሰጠው ግን፣ ይህችው መኪና አገሯ ጃፓን ላይ «ቶዮታ ሴልሲዮር» ተብላ ስለተሸጠች ነው። ሌክሰስ የሚለው ስም ጃፓን የደረሰው በ2005 ነው።

«መኪናው ጥሩ ከሆነ ገዢ አያጣም»

ፌቶንን የሚያውቅ እንዲህ አይልም። የቮልስ ፋብሪካ በ2002 ያወጣት ትልቅ አውቶሞቢል ናት። ድሬስደን ከተማ ውስጥ በመስታወት ግድግዳ በተሠራ ፋብሪካ ትገጣጠም ነበር፤ መሠረቷንም ከቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጋር ትጋራለች። በአሠራሯ ማንም አላማትም። ግንባሯ ላይ ያለው ዓርማ ግን እዚሁ አዘዞ መንገድ ላይ እየተንተከተከች ከምታልፈው ቮልስ ዓርማ ጋር አንድ ነው! ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ጎረቤቱ እንዲያይለት ይፈልጋል። አሜሪካ ላይ ሽያጯ በ2006 ቆመ፤ ምርቷም በ2016 አበቃ።

«መኪና ለእርማት ከተጠራ ኩባንያው ተዋርዷል»

ኤልኤስ 400 ገበያ በገባች በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 8 ሺህ የሚሆኑት በኤሌክትሪክ መስመርና በፍሬን መብራት ችግር ተጠሩ። ብዙዎቹን ከደንበኛው ደጅ ወስደው፣ ጠግነው፣ አጥበው፣ ነዳጅ ሞልተው መለሱ። ስሙ የተገነባው እዚያ ላይ ይመስለኛል። እኛ ጋ መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ነዳጁ ካልጎደለ ተመስገን ነው።

«ትልቅ ሞተር ዳገት አይበግረውም»

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ወረቀት ላይ ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ አያገኘውም። ስምንት ሲሊንደርም ቢኖረው ያው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን አየር ስለማይስብ ይህ አይነካውም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2024 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ የሚቀጥሉት ሙሽሮች ምናልባት ያለ ሞተር ድምፅ ሽቅብ ይወጡ ይሆናል። ጡሩምባው ግን አይቀርላቸውም።