የእጅ ጽሑፍና የመጀመሪያ ኅትመቶች ስሕተት፦ የሮሙ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን

ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት ጥፋቱ በዚያው አንድ መጽሐፍ ይቀራል፤ የሚዛመተው ሌላ ሰው ከዚያ ሲቀዳ ነው። በማተሚያ ግን ሳትታይ ያለፈች ስሕተት ከመቶዎቹ ቅጂዎች ጋር አብራ ትወጣለች። እ.ኤ.አ. በ1631 ለንደን የታተመ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ «አታመንዝር» የሚለውን ትእዛዝ «አመንዝር» ብሎት ወጣ፤ አታሚዎቹ 300 ፓውንድ ተቀጡ፣ ፈቃዳቸውንም ተነጠቁ።

ስሕተቶቹ በዓይነትም ይለያያሉ። አንድ ቃል በሁለት መስመር ከተደገመ የጸሐፊው ዐይን ከላይኛው ወደ ታችኛው ይዘልና በመካከል ያለው ይቀራል። ሲታወቀው በጠርዝ ምልክት አድርጎ በደቃቅ ፊደል ይጨምረዋል፤ የተሳሳተውን ደግሞ በስለት ይፍቃል። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ሰው እያነበበ ስለሚያርመው ብራናችን ጠባቂ አጥቶ አያውቅም። በማተሚያ ቤት የብረት ፊደላትን የሚደረድረው ፊደል ለቃሚ ግን የሚሠራው እንደ መስታወት ምስል በተገለበጡ ፊደላት ነው። ሀ ብትገለበጥ በ ትመስላለች፤ «ቱ»ን ከ«ቲ» የሚለየው የአንዲት ቅጥያ ቦታ ብቻ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ እጅ ይህ ሁሉ አይታይም።

ይህ በሮም በግልጽ ታይቷል። በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በኢትዮጵያውያን መነኮሳት እርዳታ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ ቋንቋውን ግን «ከለዳዊ» ነው ብሎ ነበር። በ1548 እና በ1549 ደግሞ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ያተሙት ሰዎች ማንበብ፣ እኛም ማተም አናውቅምና ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳዳን ይላሉ። ስለ ጥንታዊ ኅትመት ከዚህ የቀና ቃል ማግኘት ይከብዳል።

ከፊደል ግድፈት ይልቅ የከበደው ሌላ ነው። በእነ አባ ተስፋ ጽዮን እጅ ያለው የሐዋርያት ሥራ ጎደሎ ስለነበር አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። እነርሱ ይህንኑ በግልጽ ጽፈዋል፤ ሆኖም ማስታወሻውን ያላየ አንባቢ አዲሱን ትርጉም የጥንቱ ግእዝ ሊመስለው ይችላል። በ1657 ለንደን የተጠናቀቀው፣ እንግሊዛዊው ብራያን ዋልተን ያዘጋጀው ባለብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ለግእዙ ሐዲስ ኪዳን የተከተለው ይህንኑ የሮም ኅትመት ነው፤ ስለዚህ ግድፈቱ ሮም ላይ አልቆመም፣ በላዩም አዲስ ተጨመረበት። ወደ ብራናዎች ተመልሶ የተዘጋጀው የእንግሊዛዊው ምሁር የቶማስ ፔል ፕላት ኅትመት የተጠናቀቀው በ1830 ነው።