ሄርዝና ኤፍ ፒ ኤስ ለየቅል ናቸው

ፒያሳ 144 ሄርዝ ስክሪን ገዝቶ «ጌሙ አሁንም ይቆራረጣል» የሚል ብዙ ነው። ሄርዝ ስክሪኑ በሰከንድ ስንቴ እንደሚታደስ ይናገራል፤ ኤፍ ፒ ኤስ ደግሞ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚሠራ። በ144 ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 6.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። አንዱ ምስል 30 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ አማካዩ ኤፍ ፒ ኤስ 140 ቢልም ዓይን መቆራረጡን ያያል። ስለዚህ አማካዩን አትመኑ፤ ምስል በምስል የፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን ግራፍ እዩ።

ከሁሉ በፊት ግን ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ዲስፕሌይን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ 60 ሄርዝ ላይ እንደተቀመጠ ታገኙታላችሁ። የስክሪኑ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሰካ። ጂ-ሲንክ ወይም ፍሪሲንክ (ስክሪኑ ምስሉ በደረሰ ቁጥር እንዲታደስ የሚያደርጉት) ካላችሁ ኤፍ ፒ ኤሱን 141 ላይ ገድቡት፤ የ144 ጣሪያውን ሲነካ፣ ቪ-ሲንክ (ምስሎች የስክሪኑን መታደስ እንዲጠብቁ የሚያደርገው ሴቲንግ) በርቶ ከሆነ ምስሎችን ያሰልፍና ማውሱ ይዘገያል። ፒንግ (መልእክት ጌሙ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ግን የኢንተርኔት ጉዳይ ነው፤ ስክሪን አይቀንሰውም።