ራዲዮአክቲቭ ሌንስ ምንድን ነው?

ፎከሳቸው በእጅ የሚዞር የድሮ የካሜራ ሌንሶችን የሚሰበስብ ሰው አዲስ ግዢ እጁ ሲገባ ከፊትም ከኋላም ክዳኑን ያወልቅና ሌንሱን ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጠዋል። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ወረቀት ነጭ ከሆነ ደግ ነው። ጠጅ የመሰለ ቢጫ ከሆነ ግን እንደ ዕውቀቱ ወይ ፈገግ ይላል ወይ ይደነግጣል። ያ ቢጫነት ብዙውን ጊዜ መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም የተባለ ጨረራ ያለው ብረት እንዳለ፣ ሌንሱም ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያለማቋረጥ ጨረራ ሲያመነጭ እንደኖረ ምልክት ነው።

ራዲዮአክቲቭ ሌንስ የሚባለው ይኸው ነው፦ በውስጡ ካሉት መስታወቶች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀልጡ ቶሪየም ኦክሳይድ የተጨመረበት ሌንስ። ሌንሱ ከውጭ አልተበከለም፤ የፋብሪካ ስሕተትም የለበትም። አምራቾቹ አውቀውና ገንዘብ ከፍለው የጨመሩት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚገኘው በዘመናቸው ምርጥ በተባሉ ሌንሶች ውስጥ ነው።

ለምን እንደጨመሩት ለመረዳት የመስታወት ሠሪዎችን የቆየ ራስ ምታት ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 1930ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሌንስ ነዳፊ በእጁ የነበረው ምርጫ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ብርሃንን በመጠኑ የሚሰብር፣ ቀለሞችንም እምብዛም የማይበትን ተራ መስታወት ነው። ሌላው እርሳስ የተባለው ብረት የተጨመረበት መስታወት ሲሆን ብርሃንን አጥብቆ ይሰብራል፤ ነገር ግን ቀዩንና ሰማያዊውን እየለያየ የተለያየ ቦታ ላይ ያሳርፋቸዋል። ብዙ ብርሃን የሚያስገባ፣ ለምሳሌ ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል) መሥራት የፈለገ ሰው ብርሃንን በኃይል መስበር ግድ ይለዋል። በተራው መስታወት ይህን ለማድረግ ከሞከረ መስታወቱን በጣም ማጉበጥ አለበት፤ በጣም የጎበጠ መስታወት ደግሞ በጠርዙ የሚያልፈውን ብርሃን በመሃሉ ከሚያልፈው ጋር አንድ ነጥብ ላይ አያገናኝም፣ ሥዕሉ ይደበዝዛል። በእርሳሱ ከሞከረ ቀለሞቹ ይለያዩበታል።

ቶሪየም ከዚህ አጣብቂኝ አወጣቸው። ቶሪየም ኦክሳይድ የገባበት መስታወት ብርሃንን አጥብቆ ይሰብራል፣ ቀለሞቹን ግን ብዙ አይበትንም። ስለዚህ መስታወቱን ለጥ አድርጎ መሥራት ተቻለ። በዋሽንግተን የካርኔጊ ተቋም የጂኦፊዚክስ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆርጅ ሞሪ በ1930ዎቹ ላንታነምንና ቶሪየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸውን አዳዲስ መስታወቶች ቀመረ፤ ኮዳክም ወደ ምርት አስገባቸው። ቶሪየም ራሱ ለቤታችን እንግዳ አልነበረም። በግፊት የሚሠራው የፔትሮማክስ ፋኖስ ላይ የሚታሰረው፣ ሲበራ ነጭ ሆኖ የሚግለው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት በድሮው አሠራሩ አብዛኛው ክፍሉ ቶሪየም ኦክሳይድ ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ከአውሮፕላን ላይ በሌሊት ፎቶ ለማንሳት ብርሃን አሟጥጦ የሚሰበስብ ትልቅ ሌንስ አስፈለገ፤ ኮዳክም ኤሮ ኤክታር የተባለውን 178 ሚሊሜትር ኤፍ 2.5 ሌንስ ለአሜሪካ ጦር አቀረበ። ኤሮ ኤክታር እስከ ዛሬ ከሰብሳቢዎች እጅ አልወጣም። አሜሪካዊው ፎቶ ጋዜጠኛ ዴቪድ በርኔት በ2004 የአሜሪካን የምርጫ ዘመቻ ሲዘግብ ስፒድ ግራፊክ ከተባለው ትልቅ የድሮ የፊልም ካሜራ ጋር የገጠመው ይህንኑ የጦር አውሮፕላን ሌንስ ነበር። ሌላው በዲጂታል ካሜራ በሰከንድ ብዙ ፎቶ ሲያነሳ እሱ አንድ በአንድ ፊልም እየቀየረ ይሠራ ነበር፤ ከጀርባ ያለውን ሁሉ አሟሙቶ አንድን ፊት ብቻ የሚያጎላው ያ ሌንስ የሰጠው መልክም ከሌሎቹ ፎቶዎች ተለይቶ ይታወቃል።

ዛሬ ሰብሳቢ እጅ በብዛት የሚገባው ግን የጃፓኑ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ነው፤ የሠራውም ፔንታክስ ካሜራን ያመርት የነበረው አሳሂ ኩባንያ ነው። በ1964 የወጣው የመጀመሪያው ስምንት መስታወት ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ በሰባት መስታወት ተተካ። ከሰባቱ ውስጥ ቶሪየም ያለበት ስለነበር አንድ መስታወት ቀንሶ መሥራት ተቻለ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የሰብሳቢዎች ገበያ ላይ በውድ የሚሸጠው ባለ ስምንቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሪየም የለበትም። ባለ ሰባቱ በርካሽ ይገኛል። በእኔ ዓይን ልዩነታቸው ከፎቶው ይልቅ ዋጋው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ለመሰብሰብ ሳይሆን ለማንሳት የሚገዛ ሰው ለባለ ስምንቱ ትርፍ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ከታኩማር ውጭ የካኖን ኤፍኤል 58 ሚሊሜትር ኤፍ 1.2፣ ፊቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደው የመጀመሪያው የካኖን ኤፍዲ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 2፣ በምሥራቅ ጀርመን የተሠራው የካርል ዛይስ የና ፓንኮላር 55 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4፣ እንዲሁም የላይካ ሱሚክሮን የመጀመሪያዎቹ ምርቶች በዚሁ ወገን ይመደባሉ።

አሁን ወደ ቢጫው እንመለስ። ቶሪየም ራሱ ቢጫ አይደለም፤ እነዚህ ሌንሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጥርት ያሉ ነበሩ። ከቶሪየም የሚወጣው ጨረራ በመስታወቱ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ የተፈናቀሉት በመስታወቱ አወቃቀር ውስጥ ባሉ ጉድለቶች ተይዘው ይቀራሉ፤ የተያዙበት ቦታም ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣል። ሰማያዊው የጎደለበት ብርሃን ለዓይናችን ቢጫ ነው፤ ሲብስ ቡና ዓይነት ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሌንሱን የሚያስረጀው የራሱ ጨረራ ነው።

የአልትራቫዮሌት ብርሃን የተያዙትን ኤሌክትሮኖች ያስለቅቃቸዋል። ስለዚህ በየቀኑ ፀሐይ ላይ ሲሠራበት የኖረ ሌንስ ብዙ አይቢጭም፤ ቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ተቆልፎ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመው ነው የሚጠቁረው። ለዚህ ነው ቢጫ ሌንስ ሳይ ዓይኔ የሚበራው፦ ብዙ ያልተሠራበት፣ ምናልባትም መስታወቱ ያልተጫረ ሊሆን ይችላል። ሻጮች ግን እንደ ብልሽት ቆጥረው ዋጋ ይቀንሱለታል። ይቀንሱ።

ቢጫውን ማንጻት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ሙያ አይጠይቅም። የአውሮፓ ሰብሳቢዎች የሞገድ ርዝመቱ 365 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት የሚያመነጭ መብራት ይገዛሉ፤ አይኬያ ይሸጠው የነበረው ያንሾ የተባለ ርካሽ የጠረጴዛ መብራትም በመካከላቸው ስም አውጥቷል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር የአዲስ አበባ ሰው ይህ ወጪ አያስፈልገውም። ከፍታው የአልትራቫዮሌቱን ኃይል ይጨምረዋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጥርት ያለ ሰማይም ያግዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ባይጀምሩት ይሻላል፤ ፀሐዩም የለ፣ እርጥበቱም ለሌንስ ሻጋታ ይመቻል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፊት የታሰረ ማጣሪያ ካለ ይውለቅ፤ ብዙዎቹ ማጣሪያዎች የምንፈልገውን አልትራቫዮሌት ራሱን ይከለክላሉ። አፐርቸሩ፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ የሚጠብና የሚሰፋው የብርሃን ቀዳዳ፣ ሙሉ በሙሉ ይከፈት። ቶሪየም ያለበት መስታወት ብዙውን ጊዜ ከኋላ በኩል ስለሚገኝ የሌንሱ ኋላ ወደ ፀሐይ ይዙር፤ የፊቱ ጫፍ ደግሞ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፈን። ፎይሉ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ብርሃኑን መልሶ በመስታወቱ ውስጥ ያሳልፋል፣ ሌንሱ ፀሐይን ሰብስቦ የሆነ ነገር እንዳያቃጥልም ይከላከላል። ይህን ሁለተኛውን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ክዳን የሌለው ሌንስ መስኮት ላይ ትቶ መሄድ መጋረጃ ማቃጠል ነው። የሌንሱ ጥቁር ብረት ደግሞ ፀሐይ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሲግል የፎከሱ ቅባት ይቀጥንና እየፈሰሰ ወደ አፐርቸሩ ስለቶች ይደርሳል፣ ከዚያ ስለቶቹ ይጣበቃሉ። ብረቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ መስታወቱን ብቻ ማጋለጥ ይህን ያስቀራል። በመስኮት መስታወት በኩልም ይሠራል፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ለውጡ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ቶሪየሙ እዚያው ስላለ ሌንሱ ከዓመታት ጨለማ በኋላ እንደገና ይቢጫል።

ሁሉም ሰው ማንጻት አለበት ማለት አይደለም። በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያነሳ ሰው ቢጫ ማጣሪያ ገዝቶ የሚያገኘውን፣ ሰማዩን አጥቁሮ ደመናውን የሚያወጣውን ውጤት ይህ ሌንስ በነጻ ይሰጠዋል። በዲጂታል ካሜራ ግን ቢጫው ያስቸግራል። ካሜራው ነጩን ሊያስተካክል ሲሞክር የጎደለውን ሰማያዊ ያጎላዋል፣ አብሮም በጥላው ቦታ ላይ ሽፍታ የመሰለውን የምስል ብናኝ ያጎላል። ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃንም ይቀንሳል፤ ለኤፍ 1.4 ከፍሎ ብርሃኑን መነጠቅ አያስደስትም።

ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ግን ጤና ነው። ቶሪየም 232 ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ጨረራ እየለቀቀ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጥበት ጊዜ፣ 14 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ «ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ጨረራው ሞቷል» የሚለው ወሬ ባዶ ነው። እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ቶሪየሙ ለፋብሪካ ሲጣራ ከእሱ እየተወለዱ የሚመጡት እንደ ራዲየም 228 ያሉ ንጥረ ነገሮች ተለይተው ወጥተው ነበር፤ በሚቀጥሉት ዐሥርት ዓመታት ተመልሰው ሞሉ። የ1960ዎቹ ሌንስ ዛሬ የሚያመነጨው ጨረራ ከፋብሪካ በወጣ በጥቂት ዓመቱ ከነበረው ይበልጣል።

ይህ ሲባል አስፈሪ ይመስላል፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። አልፋ የተባለው ጨረራ ወረቀት እንኳ ስለሚያግደው አብዛኛው ከመስታወቱና ከብረቱ አይወጣም። የሚወጡት ቤታና ጋማ ናቸው፤ እነሱም ከሌንሱ በራቅን ቁጥር ፈጥነው ይደክማሉ። የመለኪያ መሣሪያ ከኋለኛው መስታወት ጋር ሲያስጠጉት ይንጫጫል፤ አንድ ሜትር ሲያርቁት ከአካባቢው ተፈጥሯዊ ጨረራ የሚለይ ነገር አያሳይም ማለት ይቻላል። የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በእነዚህ ሌንሶች አዘውትሮ የሚሠራ ፎቶ አንሺ በዓመት የሚደርስበትን ሲገምት ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ ሁላችንም ከምናገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ያለ ሐሳብ አንሱበት እላለሁ።

ነገር ግን ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ዓይን ነው። ቶሪየም ያለበትን መስታወት ነቅሎ እንደ ማጉያ መነጽር ዓይን ላይ ለጥፎ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። የአሜሪካ ሕግ ከ2013 በፊት የተሠራና ክብደቱ እስከ 30 በመቶ ቶሪየም የሆነ የካሜራ ሌንስ ያለ ፈቃድ እንዲያዝ ሲፈቅድ መነጽሮችንና ዓይን የሚጠጋባቸውን የአቅራቢ መነጽር መስታወቶች ለይቶ ያስቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ዱቄት ነው። ቆዳ ላይ አቅም የሌለው አልፋ ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ ታሪክ ይሆናል። ስለዚህ የተጫረ ቶሪየም መስታወት በቤት ውስጥ መፋቅና መሞረድ አይቻልም፤ ከተሰበረም ደረቁን መጥረግ ሳይሆን በእርጥብ ወረቀት ሰብስቦ፣ ወረቀቱንም አብሮ ማሸግ ነው።

ገበያ ላይ «ራዲዮአክቲቭ» የሚለው ቃል ዋጋ ማስወደጃ ስለሆነ ለገዢ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ቢጫ የሆነ ሁሉ ቶሪየም አይደለም። መስታወቶችን የሚያጣብቀው የድሮ ሙጫም ሲያረጅ ይቢጫል፤ የመስታወቱ ቅብም ከላይ ሲታይ የወርቅ መልክ ሊያንጸባርቅ ይችላል። ሌንሱን ዘንበል አድርጋችሁ ሳይሆን በውስጡ አሳልፋችሁ ነጭ ነገር ተመልከቱ። ላንታነም ያለበትን ሌንስ «ጨረራ አለው» ብለው የሚሸጡም አሉ። ላንታነም በተፈጥሮው እጅግ ኢምንት ጨረራ አለው፤ ነገር ግን አምራቾቹ በ1970ዎቹ ቶሪየምን እየተዉ ወደ እሱ የዞሩት ያንኑ መስታወት ያለዚያ ጣጣ ስለሚሰጣቸው ነው። ሻጩ ሌንሱን ጋይገር በተባለው የጨረራ መለኪያ ሲለካ ያነሳው ፎቶ ካለው አሳየኝ በሉት፤ ከሌለው በተራ ሌንስ ዋጋ ተከራከሩ።