«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ የሚፈታው ምኑ ነው?

ከጎንደር ፒያሳ ባጃጅ ተሳፍሬያለሁ። አጠገቤ ሁለት ተማሪዎች ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጋዋናቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገውታል። አንደኛዋ የሃንድአውት ክምር ታቅፋለች። ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ከሰባቱ ምዕራፍ አምስቱን ገና አልነካችም። ጓደኛዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና፣ «አቦ አታካብጂ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማሽም? ጥያቄውም እዚያው ስትሮጪ ይፈታል» አለቻት።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ልሳቅ ወይስ ልቆጣ ብዬ ስወዛገብ መውረጃዬ አለፈኝ።

እውነቱን ለመናገር ስህተቷ ብልሃት አለው። «ፈታ» ሆደ ሰፊ ቃል ነው። ቋጠሮ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ትዳር ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ የሒሳብ ጥያቄም ይፈታል። የዛሬ ልጅ ደግሞ «ፈታ እንበል» ካለ ሁሉን ነገር ጥሎ ካፌ ሊቀመጥ ነው። ልጅቱ ከዚህ ሁሉ የሚመቻትን አነሳች። ተረቱ የሚያወራው ግን ስለ ወገብ ነው። ስለ ድግ፣ ወገብ ላይ ስለሚጠመጠመው ረጅም ጨርቅ።

ድግ ሲታጠቁ ያላየ ሰው ይህን ተረት ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው። አያቴ ደምቢያ ውስጥ ገበሬ ነበሩ። ኅዳር ላይ የጤፍ አጨዳ ሲደርስ ማጭዳቸውን ማታ ይስላሉ፤ ድጋቸውን አጥፈው መደብ ላይ ያስቀምጣሉ። ንጋት ላይ፣ ዶሮ ሳይጨርስ፣ «አንተ ልጅ፣ ና ያዝልኝ» ይላሉ። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ በሩ ጋ እቆማለሁ። እሳቸው ሌላውን ጫፍ ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው፣ በቀስታ እየተሽከረከሩ ወደ እኔ ይመጣሉ። ጨርቁ ረጅም ነው፤ ዙሩ አያልቅም። «ሳብ! እንዳታላላው!» ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ ወደ ኋላ እንጠለጠላለሁ። እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ ይሸፍናል። ሽብሽቡን በአውራ ጣታቸው ያቃናሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ጫፉን ከእጄ ተቀብለው ወደ ውስጥ ይሸጉጡታል፤ አይቋጥሩትም። ጨርቁ ጭስ ጭስ ይሸታል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ፤ ድጉ ንቅንቅ አይልም። ወገብም ይደግፋል።

አንድ ቀን ግን አረፈዱ። ደቦ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ማሳው ላይ ሆኖ ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል። አያቴ አፈሩ። ድጉን ብድግ አድርገው እየሮጡ መጠምጠም ጀመሩ። እኔ ጫፉን ልይዝ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ። ማሳው መሃል ሲደርሱ ተተርትሮ እግራቸው ሥር ገባ፤ ራሳቸው ረገጡት፤ ጤፉ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ደቦኛው ማጭዱን ገታ አድርጎ ሳቀ። ሳቁስ ይሁን። የባሰው በኋላ የመጣው ነው። ያን ጠዋት ሦስት ጊዜ ቀና ብለው እንደገና ታጠቁ። እሳቸው ድግ ሲጠመጥሙ የጎረቤቶቻቸው ረድፍ ወደ ፊት ሄደ። ረፋድ ላይ አያቴ ብቻቸውን ወደ ኋላ ቀርተው ያጭዱ ነበር።

ተረቱ ከየት መጣ? አንድ ወዳጄ ከጦር ሜዳ ነው ይላል። የአፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም፣ «አባ ታጠቅ»ን ይጠራልኛል። ለጎንደር ሰው ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ አልቀበለውም እንጂ። ጠላት እየመጣ ሮጦ የታጠቀ ወታደር ተረት የሚያወራበት አፍ አይተርፈውም።

የእኔ ግምት ቤተ መንግሥት ነው። ድሮ ከጌታ ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ዝቅ አድርጎ ወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ ይህም ማደግደግ ነው። ቃሉ ራሱ ድግን ይዟል። እንግዲህ የፋሲል ግቢን አስቡት። ዙሪያውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ያህል ነው፣ በሮቹ 12። ደጅ ጠኚው ሲጠራ በተሳሳተው በር ቆሟል እንበል። እየሮጠ ይታጠቃል፣ ይደርሳል፣ እጅ ሊነሳ ጎንበስ ይላል... ሸማው ዝርግፍ! እንዲህ ያለ ቀን ነው ይህን ተረት የወለደው። ማስረጃ የሚል ካለ አጥሩም በሮቹም አሉ፤ ነጠላ ለብሶ ሮጦ ይሞክረው።

ወደ ባጃጇ ልጅ ልመለስ። አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ገደማ ነው። ያ ሁሉ ሳምንት ቆሞ መታጠቂያ ነው፦ ክፍል የተማሩትን ያንኑ ማታ ማየት፣ ያልገባውን እሁድ ጓደኛ መጠየቅ፣ ለነገ የሚሆነውን ማታ መደብ ላይ አጥፎ ማደር። የፈተናው ዋዜማ ሩጫው ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ መርሳቱን ለክቶ ነበር። በቀናት ተከፋፍሎ የተደገመው፣ በአንድ ጊዜ ከታጨቀው ባነሰ ድግግሞሽ ተያዘለት። ሌሊቱን ሙሉ ቸክሎ ፈተና ክፍል በር ላይ የተተረተረበት ተማሪ ይህን ለማመን ጀርመን አያስፈልገውም።

ይህን ተረት ግን መጽናኛ አታድርጉት፤ እባካችሁ። ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያውም ጤፍ ላይ በግንባር የሚደፋ። ይባስ ብሎ ልጆቹ አሁን አሳጥረው «ሲሮጡ ይፈታል» ብቻ ይላሉ። ድጉን ቆርጠው ጥለው ሩጫውን አስቀሩት። ጓደኛን ማጽናናት ካማራችሁ «አይዞሽ» የሚባል ቃል አለን፤ ማንም አልከለከላችሁም። ተረት ካልሆነ ካላችሁ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለላችሁ። እሱም ቢሆን ለፈተና ዋዜማ አይሆንም፤ ጫጩት በአንድ ሌሊት አይፈለፈልም።